የአንዴ ብቻ ማሽን

«እማዬን ደግሞ…» አለና ሟቹ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ድምፁ ተቆረጠ፤ ምስሉም ቀጥ አለ። አንድ ዓይኑ ግማሽ ተከድኖ፣ አገጩ ወደ ጎን ተንጋዶ፣ ሊናገራት የነበረችው ቃል ከንፈሩ ላይ ደረቀች። ከጠረጴዛው ሥር ያለው የኮምፒውተር ሳጥን ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ያጓራል።

«ቆይ፣ ይመጣል» አለ የአለቃ ባል።

«አንተ ደግሞ ከቀብሩ ማግስት ጀምረህ ይመጣል እንዳልክ ነው» አለች አለቃ።

አለቃ ስሟ አይደለም። የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ የምትሠራው አውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነው። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሹፌር ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ነች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ግን ገና ልጅ ሳለች፣ ይኸው አሁን ስክሪን ላይ አፉን ከፍቶ የቀረው ወንድሟ ነበር። አንድ መናኸሪያ ሙሉ ሹፌር በቁጣዋ ቀጥ የምታደርግ ሴት፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ቆሽቷ አርሯል።

ማሽኑ ሲያቃስት ቆየና «ማ… ዬ… ወ…» የሚል ብጥስጣሽ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ምስሉ ብድግ ብሎ መጨረሻው ላይ ዘለለ። የሰው መዳፍ፣ ጣሪያ፣ ጨለማ። አለቀ።

«እማዬን ደግሞ ምን?» አሉ እናትየው። አንደኛው ዓይናቸው ሞራው ተገፎለታል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ስለማይዝላቸው ወንበራቸውን አስጠግተው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደርሷል።

«አልተሰማም እማዬ።»

«እንዴት አይሰማም? ስሜን ጠርቶ እኮ ነው የሚቆመው። ሊል የፈለገውን ይጨርስ እንጂ! እማዬን ደግሞ ምን?»

 መልሱን አለማግኘቷ አለቃን ከሀዘኑ እኩል እያቃጠላት ነበር።

ወንድሟ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «አንዴ ብቻ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሙሽሮች በበር ሲገቡ አገባባቸው ካልጣመው «ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ ድገሙልኝ» ይላል። ወጥተው ይገባሉ። «አሁንም አንዴ ብቻ።» የተቆረጠ ኬክ በክሬም አስጠግኖ እንደገና አስቆርጧል እየተባለ ይታማ ነበር፤ እሱም አላስተባበለም። አለቃ ራሷ በሠርጓ ዕለት በረጅም ቀሚስና በሚቆረጥም ጫማ ደረጃውን ደጋግማ ወርዳለች። አራተኛው ላይ «ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የምወርደው አንተን ለማነቅ ነው» ብላዋለች።

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ የእሱን ፊት የያዘ ነገር ሲፈለግ ጠፋ። የተገኘው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ሊያስነጥስ ሲል የተነሳ ይመስላል። ከዚያ ባሏ አንድ ነገር ትዝ አለው። በሠርጋቸው ዕለት ካሜራውን ከአንዴ ብቻ እጅ ነጥቆ ወደ ራሱ አዙሮበት ነበር። አንዴ ብቻ ታዲያ ፊልሙን አሳምሮ ሲሰጣቸው ራሱን ቆርጦ አውጥቷል። ያልተቆረጠው ጥሬ ቅጂ ግን እዚህ የሥራ ማሽኑ ውስጥ፣ አብሮት ባረጀ ፕሮግራም ተቀምጧል። የባሏ ስልክ «የማይታወቅ ፋይል» አለ። የባሏ ላፕቶፕም «የማይታወቅ ፋይል» አለ። ከዚያ ማሽንና ከዚያ ፕሮግራም ውጭ በሌላ በምንም አልከፈት አለ።

«አንተ አይደለህም እንዴ ካሜራውን የያዝከው? ምን እንዳለ አትሰማም?» ትለዋለች ባሏን።

«ዘፈኑ ይጮህ ነበር። እኔ ደግሞ የማስበው ካሜራው እንዳይወድቅብኝ ነው። አንቺስ አጠገቡ አልነበርሽም?»

ነበረች። እሷም አልሰማችም።

ሀዘን ቤት ሰው አያጣም። ሳሎኑ በውሰት ወንበር ተሞልቶ፣ ቡናው በቴርሞስ እየዞረ፣ የገባው ሁሉ ለወጉ ያህል አንገቱን ደፍቶ ይቆይና ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ «ኮምፒውተሩስ እንዴት ሆነ?» ይላል። ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ሰው ስለ ሞት የሚለው ሲጠፋው ስለ ኮምፒውተር የሚለው እንደማያጣ አለቃ ያወቀችው በዚያ ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የመጡት አጎቷ ናቸው፤ የእናትየው ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የመኪና መንዳት አስተማሪ። የእሳቸው መድኃኒት አንድ ነው። «አጥፍተሽ አብሪው።» ጠፍቶ ይበራል። ቪዲዮው ይቆራረጣል። «በደንብ አላጠፋሽውም፤ ከሶኬቱ ንቀይው።» ተነቅሎ ይሰካል። ያው ነው። ቡናቸውን ጠጥተው ሲመለሱ «እስኪ አሁን አጥፍተሽ አብሪው» ይላሉ።

ባሏ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ስልኩ ላይ ያላነበበው ነገር የለም። «ኮዴክ የሚባል ነገር ጎድሎታል» አለና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ጫነ። ቀጥሎ ሌላ ጫነ፤ ከሁለቱም የሚሻል ነው ብሎ ደግሞ ሦስተኛ። አንዳቸውም ፋይሉን አልከፈቱትም፤ ማሽኑን ግን ይበልጥ አከበዱት። ጎረቤታቸው ፋርማሲስቷ «ቫይረስ ነው» ብላ ፈረደች፤ ከጤና ባለሙያ አፍ ስለወጣ ብዙ ሰው አመነ። አንዷ የፀጉር ማድረቂያ አምጥታ ሳጥኑን ነፋችው፤ ከሆዱ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። ሁሉም ሲያስነጥስ ዋለ እንጂ ለውጥ የለም።

«ምስሉ ሲተልቅ ነው የሚከብደው፤ እናሳንሰው» አለ ባሏ። አንዴ ብቻ የአውራ ጣት ጥፍር አከለ። አሁንም «እማዬን ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«ምነው አሳነሳችሁት?» አሉ እናትየው። «እንዲህም ሆኖ በስንት ግድ ነው የማየው!»

አለቃ ተነስታ ጓዳ ገባችና ፊቷን በፎጣ ሸፍና ያለ ድምፅ ጮኸች። ስትመለስ አጎቷ ስልካቸውን እየዘጉ ነበር።

«ጨረስኩት። የማውቀው ባለሙያ አለ፤ ነገ መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል።»

«አጎቴ፣ ፎርማት ማለት እኮ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው!»

«ይሁና፤ ከጠፋ በኋላ ፈጣን ይሆናል።»

«ወንድሜም ያለው እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

አጎትየው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እስከ ነገ አጥፍተሽ አብሪው» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ማንም አላወቀውም። «ያጽናችሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ቡናውን ተቀብሎ ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። 

«ልጄን በምን ታውቀው ነበር?» አሉት እናትየው።

«ሠርጌን ያነሳልኝ እሱ ነው እማማ። እንደው… ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴም ለቅሶ ድረስ እንጂ ስለ ፊልሙ አፍህን እንዳትከፍት ብላ ነው የላከችኝ።»

«ከፈትከው እኮ» አለች አለቃ።

ሙሽራውን ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ እህቴ። ባረፈበት ዕለት ጠዋት ደውዬለት ስለነበር ነው። ‹አሁን ማሽኑ ላይ ጫንኩልህ፣ ሬንደር እያደረገ ነው፤ እስኪመሽ ይፈጅበታል፣ ነገ ና› አለኝ። በማግስቱ ስመጣ ግን ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ አየሁና… ዝም ብዬ ተመለስኩ።»

አለቃ ልታስወጣው ብድግ ብላ ነበር። እጇ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሬንደር የምትለዋን ቃል ከወንድሟ አፍ ሰምታ ጠግባታለች። የተቆራረጠውን ሁሉ ገጣጥሞ አንድ ወጥ ፊልም ማውጣት ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ሲሠራ ሌላ ነገር አይታዘዝም፤ ሁለት ሥራ የሚችልበት ዕድሜው አልፏል። ያን ጊዜ አንዴ ብቻ ክፍሉን ትቶ መንገድ ዳር ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል፤ እየቆየም ገብቶ የት እንደደረሰ ያያል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራውን እንደ አዲስ ማስጀመር ቢመርረው፣ ማሽኑ ገና ሲበራ ያልተጨረሰውን ፊልም ራሱ አንስቶ ከሀ እንዲጀምር አድርጎት ነበር። ይህንንም ትልቅ ፈጠራ አድርጎ ነግሯታል፤ እሷም «አዲስ ብትገዛ አይሻልም?» ስትለው አኩርፎባታል።

ያን ዕለት የእናታቸው የዓይን ቀጠሮ ነበር። ደውላ «አንተ ውሰዳት፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። «ሬንደር ላይ ነኝ አለቃ፣ ብርቅና መብራት ቢጠፋ መልሶ የሚያበራው የለም። ሙሽራው ነገ ይመጣል» አላት። «ከእናትህ በለጠብህ ይሄ ቆርቆሮ?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከሥራ አስፈቅዳ እናቷን ይዛ ሄደች። ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ይዘው ሳሉ ነው ስልክ የተደወለላት። ልቡ ቀጥ ብሎ፣ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ አገኙት። ይህን ሁሉ ቀን ስታለቅስም ስትቆጣም ከውስጧ ያልወጣ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሥራ አለብኝ ብሎ እናቱን ያልወሰደ ሰው እዚያ ደረጃ ላይ እጁን አጣጥፎ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ነው።

ማሽኑን ሲጠብቅ ኖሯል።

ወደ ክፍሉ ሮጠች፤ ቤቱ ሁሉ ተከተላት። ባሏ የከፈታቸውን ማጫወቻዎች አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። ከሁሉም ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች፤ በውስጧ ነጭ የለበሰች ሙሽራ፣ ከሙሽራዋ ግርጌ ገና መሄድ የጀመረች መስመር።

«ከመቶ ሦስት» አነበበ ባሏ።

«በዚያ ቀን ይሄን ማሽን ማን ነው ያጠፋው?» አለች አለቃ።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው ሞቶ ማሽን ያጓራል እንዴ? እኔ ነኝ።»

«ከዚያ ወዲህ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሳይቀር፣ ስንቴ አጥፍተን አበራነው?»

 ባጠፉትና ባበሩት ቁጥር ማሽኑ የሙሽራውን ፊልም ከመጀመሪያው እየጀመረ ኖሯል። ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ላይ እያፈሰሰ፣ ለሟቹ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚተርፈው አጥቷል። ያስታመሙት መስሏቸው ያደከሙት ራሳቸው ናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አጎትየው። «መኪና ቢሆን ይነሳ ነበር።»

«በቃ ተገኘ» አለ ባሏ፤ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። «ይህችን እንዝጋትና አሁኑኑ ይስተካከላል።»

«ዝጉት፣ ግድ የለም» አለ ሙሽራው። ፊቱ ግን ግድ አለው ይላል። አንዴ ብቻ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ በምን መላ እንደገጣጠመው የሚያውቅ የለም፤ በእጅ ከተዘጋ ማሽኑ ራሱ አያነሳውም፣ መልሶ የሚያስጀምረው ሰውም አይገኝም።

«ተዉት» አሉ እናትየው ከኋላ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ሳምንቱን ሙሉ ይጨርስ ስትይ የከረምሽው!»

«አሁንስ ምን አልኩ? የሰው ሠርግ ነው። የጀመረውን ይጨርስና የኔ ይደርሳል።»

አለቃ ሽቦውን ከነሶኬቱ ገንጥላ መንገድ ላይ መወርወር አማራት። ሞቶም እንኳ የሌላ ሰው ሙሽራ ይቀድመናል? ይህን ጮክ ብላ ልትናገር ነበር፤ ግን እናቷ ወንበራቸውን ግድግዳው ጋ አስጠግተው ለመጠበቅ ተመቻችተው ነበር። 

ወንበር አምጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ደረጃው ላይ እንዴት ሰዓቱን ይገፋ እንደነበር ገረማት። መስመሯ የምትሄድ አትመስልም። አሥር ላይ ናት ብላ ዞር ብላ ስትመለስ አሥር ላይ ናት። ተናደደችበት፤ ናፈቃትም። ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

ረፋዱ ላይ ፋርማሲስቷ የውሃ ማፍያ ይዛ ገባችና ሶኬት ፍለጋ ጎንበስ አለች። እጇ የማሽኑን መሰኪያ ያዘ።

«እንዳትነኪው!»

ጩኸቱ ቤቱን አናወጠው። ሳሎን የነበሩት ሴቶች አዲስ መርዶ የመጣ መስሏቸው እዬዬአቸውን አቀለጡት። ነገሩ ሻይ መሆኑን አስረድቶ ዝም ለማሰኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ፋርማሲስቷም «እኔ እኮ ላግዝ ብዬ ነው» እያለች ከሁሉ በላይ አለቀሰች።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አጎቷ ያስጠሩት ባለሙያ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። «ፎርማት የሚደረገው የትኛው ነው?»

«ድኗል፤ ይመለሱ» አለችው አለቃ ከበሩ ሳትነሳ።

«ዳነ? በምን ዳነ?»

«ባለመነካት።»

አመሻሽ ላይ የፀሐይዋ ብርሃን ወደ ግድግዳው አናት ሲወጣ የሳጥኑ ጉርምርምታ ቀስ በቀስ ወረደ። መጀመሪያ የሰሙት እናትየው ናቸው። «ዝም አለ» አሉ። አለቃ መስኮቷን አየች፤ መስመሯ ሞልታለች። ሙሽራው ፊልሙን በፍላሽ ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት እናትየው ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እሳቸውም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው ሸኙት።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። የቀሩት አራቱ ብቻ ናቸው፤ እናትየው፣ አጎትየው፣ አለቃና ባሏ። እናትየው ወንበራቸውን አስጠጉ። አለቃ ከፈተችው።

እንደ ውሃ ሄደ።

«ኧረ ተው፣ ወደኔ አታዙረው!» አለ አንዴ ብቻ፣ ፊቱን በእጁ እየከለለ። ከኋላው ዘፈን፣ ከኋላው ሳቅ። «ምን ልበል? እንግዲህ… አለቃ ተዳረች፤ ባሏን እግዜር ይርዳው። እማዬን ደግሞ ወንበር ስጧት፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች። በል አሁን አምጣ ካሜራዬን።» መዳፉ መጣ፣ ጣሪያው ታየ፣ ጨለመ።



«ወንበር!» አለ ባሏ።

«እውነቱን ነው» አሉ እናትየው። «እግሬ አብጦ ነበር ያን ቀን። ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት አየኝ?» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «አንድ ወንበር ከኋላዬ መጥቶ ጉልበቴን ሲነካኝ ትዝ ይለኛል። ማን እንዳመጣው ዞሬም አላየሁ።»

 አለቃ ይህን ሁሉ ቀን ምርቃት ነው፣ ኑዛዜ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው ብላ ስትጠብቅ ነበር። ወንበር ነው። ከጠበቀችው ሁሉ በላይ አንጀቷን የበላው ይኸው ወንበር ሆነ።

«ድገሚልኝ» አሉ እናትየው።

ደገመችላቸው። እናትየው አንገታቸውን አሰግገው፣ የተገፈፈውን ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ። ልጃቸው ተናገረ፣ ሳቀ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ጠፋ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት እማዬ። አሁን እኮ ተስተካክሏል።»

«ቶሎ ሄደብኝ» አሉ። «ዓይኔ ሳይዘው አለፈ። ቀደም ሲል ቆም ይልልኝ ነበር፤ ፊቱን እስክጠግብ አየው ነበር። እንደ በፊቱ አድርጊልኝ።»

 አጎትየው እንኳ «አጥፍተሽ አብሪው» አላሉም።

አለቃ ወንበሯን ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሳችና አውራ ጣቷን ምስል በሚያቆመው ረጅሙ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ወንድሟ እጁን ከፊቱ ላይ ሲያወርድ ተጫነችው። ቆመ። እናትየው ቀረብ ብለው ግንባሩን አዩት፣ ዓይኑን አዩት፣ ያልተላጨውን አገጩን አዩት፤ በቃኝ እስኪሉ ድረስ አለቃ እንደቆመ ተወችው። ከዚያ ለቀቀችው። ጥቂት ሄደ። ደግሞ ተጫነችው።